ከሲፒ/ኤም እስከ ሊሳ፦ የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን የመፈተን ማስታወሻ

መነሻ

ላፕቶፔ ላይ የቆዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ማሽንን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ እያስነሳሁ ነው። ከ1979 እስከ 1985 የወጡትን ብቻ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ሰጥቼ የትኛው ሰውን እንደሚያግዝ፣ የትኛው እንደሚያስለቅስ ማየት እፈልጋለሁ።

ሥራው ይህ ነው። አጭር ደብዳቤ መጻፍ፣ ሴቭ ማድረግ፣ ወደ ሌላ ፍሎፒ መቅዳት፣ ስሙን መቀየር፣ ዋናውን ማጥፋት። የቢሮ ሰው ነጋ ጠባ የሚያደርገው ነገር ነው።

ሁለት ሞካሪዎች አግኝቻለሁ። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፣ ከስልክ ጋር ያደገች። ሌላው ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቢሮ በነበሩበት ጊዜ ዶስና ሎተስ 1-2-3 የሚባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም እንጀራቸው ነበሩ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ካልጠየቁኝ በስተቀር አልረዳም።

ስለ ኢሙሌተር አንድ ነገር ልበል። ዝም ብለህ ካስነሳኸው ሁሉም ነገር ይበርራል፣ ፍሎፒውም ድምፅ የለውም። ይህ ደግሞ ውሸት ነው። ስለዚህ የፒሲ ኢሙሌተሩን 86ቦክስን በመጀመሪያው ፒሲ ፍጥነት በ4.77 ሜጋኸርዝ፣ የማኪንቶሹን ሚኒ ቪማክንም በራሱ በማሽኑ ፍጥነት አሰርኳቸው። መጠበቅም የአጠቃቀሙ አካል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲፒ/ኤም 2.2

ጋሪ ኪልዳል ሲፒ/ኤምን የሠራው በ1974 ነው። 2.2 የሚባለው በ1979 ወጣ። ማሽኑ ሲነሳ የሚታየው አንድ ፊደልና አንድ ምልክት ነው። ፊደሏ በየትኛው ድራይቭ ላይ እንዳለህ ትነግርሃለች። ሌላ ምንም የለም።

የእህቴ ልጅ ትንሽ አየችውና “ሄልፕ” ብላ ጻፈች። ማሽኑ “ሄልፕ?” ብሎ መለሰላት።

“አጎቴ፣ እኔ ስጠይቀው መልሶ እኔኑ ይጠይቀኛል እንዴ?”

ሲፒ/ኤም የማያውቀውን ቃል ሲያገኝ የሚያደርገው ይህንን ነው። ቃሉን ይደግመዋል፣ የጥያቄ ምልክት ይጨምርበታል። ምን እንደጠፋ፣ ምን መጻፍ እንደሚቻል አይናገርም። የትእዛዞቹን ዝርዝር በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። በዚያን ጊዜም ሰዎች መመሪያውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነበር የሚሠሩት።

ደብዳቤውን የምትጽፈው ኢዲ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ኢዲ ገጽ አያሳይህም፣ መስመር በመስመር ነው የሚሄደው። ለመጻፍ “አይ” የምትለዋን ፊደል ትመታለህ፣ ለመጨረስ ኮንትሮልና ዜድ። እዚህ ውስጥ የተደበቀ ጉድ አለ። ትእዛዟን በትልቁ ፊደል ከመታሃት ከዚያ በኋላ የምትጽፈው ሁሉ ወደ ትልልቅ ፊደል ይቀየራል። በትንሹ ከመታሃት ግን እንደጻፍከው ይቀራል። ልጅቱ ደብዳቤዋ በሙሉ እየጮኸ ወጣ። ለምን እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቃል አልነበረም።

መቅዳት ደግሞ ፒፕ በሚባል ፕሮግራም ነው። ቅደም ተከተሉ መድረሻው መጀመሪያ፣ ከዚያ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ምንጩ። ልጅቱ ገለበጠችው። ሁለተኛው ዲስክ ባዶ ስለነበር “ፋይል የለም” አለ፣ ምንም አልተጎዳም። እዚያ በተመሳሳይ ስም ያረጀ ቅጂ ቢኖር ኖሮ ግን አሮጌው አዲሱን ሳይጠይቅ ይደመስሰው ነበር።

ጋሼ ግን ፒፕን ወደዱት። ሲፒ/ኤምን ከዚያ በፊት ነክተውት አያውቁም። “ይሄማ ሒሳብ ነው። ግራው ከቀኙ ይቀበላል” አሉ። እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር። ልክ ናቸው፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሠሩት ነገር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሁንም ሲፒ/ኤም

ከምሳ በኋላ ያልታሰበ ነገር መጣ። ልጅቱ ደብዳቤ እየጻፈች ሳለ ዲስኩን በሌላ ቀየረችው። ሴቭ ልታደርግ ስትል ማሽኑ “ቢዶስ ኤረር” ብሎ ድራይቩ የሚነበብ ብቻ እንደሆነ ነገራት። አንድ ቁልፍ ነካች። ወደ መጀመሪያው ፊደል ተመለሰ። ደብዳቤው የለም።

“ምን አደረግሁ?” አለች። ምንም አላደረገችም። ሲፒ/ኤም አንድን ዲስክ መጀመሪያ ሲያገኝ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ ካርታ ሠርቶ በሜሞሪ ይይዛል። ዲስኩ ከተቀየረ ካርታው የሌላ ዲስክ ነው። በዚያ ካርታ ቢጽፍ የአዲሱን ዲስክ ፋይሎች ያበላሻል። ስለዚህ “አልጽፍም” ብሎ ይቆልፈዋል። አዲስ ዲስክ ባስገባህ ቁጥር ኮንትሮልና ሲ መምታት አለብህ፣ ካርታውን እንደገና እንዲሠራ።

ጥበቃው ትክክል ነው። ዲስኩን አድኖታል። ሰውየውን ግን ጣለው። ዲስኩን ለመጠበቅ የተጨነቀ ሲስተም ልጅቱ የጻፈችውን ለማቆየት አንድ እርምጃ አልሄደም።

ከዚህ በኋላ የሙከራውን ዝርዝር ቀየርኩት። ሥራው ሲቃና ሁሉም ሲስተሞች ያው ናቸው፣ ትንሽ ይፈጥናሉ ወይም ይዘገያሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ጨመርኩ። ስም አሳስቶ መጻፍ፣ በሥራ መሀል ዲስክ መቀየር፣ ያልፈለጉትን ፋይል ማጥፋት።

እሑድ፣ ዶስ 2

ቲም ፓተርሰን በሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ የጻፈው ሲስተም ማይክሮሶፍት እጅ ገብቶ በነሐሴ 1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር ወጣ። እኔ የያዝኩት በ1983 የወጣውን ዶስ 2 ነው፣ ማውጫ (ፎልደር) በማውጫ ውስጥ ማስቀመጥ የጀመረውን።

ጋሼ ወንበራቸውን ስበው ቁጭ አሉ። ዲር መቱ። ፋይሎቹ ተዘረዘሩ። ፊታቸው በራ። ሥራውን ማብራሪያ ሳይጠይቁ ጨረሱት። ከኤድሊን ጋር ብቻ ትንሽ ተጨቃጨቁ፣ እሱም የመስመር አርታኢ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሙሉ ገጽ የሚያሳየውን የጽሑፍ ፕሮግራም፣ ወርድፐርፌክትን፣ የለመዱ ናቸው።

ዶስ ለሲፒ/ኤም የቅርብ ዘመድ ነው። ግን ልዩነቶቹን በተርታ ሳይ ጥቃቅን ደግነቶች አሉት። ኮፒ ምንጩን ያስቀድማል፣ ሰው “ይህን ወደዚያ” እንደሚለው። ሲጨርስ “1 ፋይል ተቀድቷል” ይላል። ሲፒ/ኤም ሲሳካለት ዝም ነው። የማይታወቅ ትእዛዝ ስትጽፍ “የተሳሳተ ትእዛዝ ወይም የፋይል ስም” ይላል። ይህ አረፍተ ነገር ብዙ ሲሰደብ ኖሯል። ከጥያቄ ምልክቷ ጋር ሲተያይ ግን ቢያንስ ችግሩ የት አካባቢ እንዳለ ይጠቁማል።

ዲስክ ሳይኖር ድራይቩን ሲጠራ “አቦርት፣ ሪትራይ፣ ኢግኖር” የሚለው መጣ። የእህቴ ልጅ ሦስቱንም አንብባ ቀና አለች። አቋርጥ፣ እንደገና ሞክር፣ ተወው። “ተወው ማለት ምንድን ነው? ዲስክ የለም እኮ!” ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋሼ ከጀርባዋ ሆነው “አር ነው ልጄ። ሁልጊዜ አር ነው። ዲስኩን አስገቢና አር” አሏት። ሠራ። ሥራዋም አልጠፋም። ከሲፒ/ኤም አንጻር ትልቅ ነገር ነው።

ማጥፋት ላይ ግን ዶስ ጨካኝ ነው። አንድ ፋይል አጥፋ ካልከው ሳይጠይቅ ያጠፋል። በነባር ፋይል ላይ ኮፒ ብታደርግም አይጠይቅም። ያንን መጠየቅ የጀመረው በ1993፣ በ6.2 ነው። የሚገርመው፣ ሲያጠፋ ከፋይሉ ስም የመጀመሪያዋን ፊደል ይለውጥና ቦታውን ባዶ ብሎ ይመዘግባል እንጂ ይዘቱን አይነካውም። ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ዲስኩ ላይ አለ። ፒተር ኖርተን በ1982 ያንን የሚመልስ ፕሮግራም ሸጦ ስሙን ተከለ። ማይክሮሶፍት ተመሳሳዩን ዶስ ውስጥ ያስገባው በ1991 ነው። መመለስ እየተቻለ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ለከፈለ ብቻ!

ጋሼ ደብዳቤውን በአማርኛ ለመጻፍ ጠይቀው ነበር። የዶስ ስክሪን የሚያውቀው 256 ምልክት ነው፣ እነሱም ማሽኑ ውስጥ ቺፕ ላይ የተቀረጹ። የእኛ ገበታ 33 በ7፣ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። እንግሊዝኛው ለትእዛዝ ያስፈልጋል። አይበቃም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ በላቲን ጻፉ፣ እያጉረመረሙ።

እሑድ ማታ፣ በወረቀት ስሌት

ስቱዋርት ካርድ፣ ቶማስ ሞራንና አለን ኒውል በ1980 ያወጡት የስሌት ዘዴ አለ። አንድ ቁልፍ መምታት 0.2 ሰከንድ፣ በማውስ ማነጣጠር 1.1፣ እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ማዛወር 0.4፣ ለማሰብ ቆም ማለት 1.35። ደምረህ የአንድ ሥራ ጊዜ ታገኛለህ።

ባለ ስድስት ፊደል ፋይል፣ ከነቅጥያው፣ ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላ መቅዳትን አሰላሁ። በዶስ 21 ምት ነው፣ ሦስት ማሰቢያ ሲጨመር 8.25 ሰከንድ። በሲፒ/ኤም 20 ምት፣ 8.05 ሰከንድ። በማኪንቶሽ እጅ ማዛወር፣ ፋይሉ ላይ ማነጣጠር፣ መጎተት፣ ማውሱን ተጭኖ መልቀቅና አንድ ማሰቢያ 4.15 ይሆናል።

እንግዲህ በወረቀት ሲፒ/ኤም ከዶስ ይቀድማል። ትናንትን ያየ ሰው ይስቃል። ዘዴው ግን አይዋሽም፣ ሥራውን ለምዶ የማይሳሳት ሰው ብሎ ነው የሚነሳው። እንደዚያ ያለ ሰው ቤቴ አልመጣም።

ማክሰኞ ማታ፣ ማኪንቶሽ

ጥር 24 ቀን 1984 የወጣችው ማክ 2,495 ዶላር ነበረች። 128 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ አንድ 400 ኪሎባይት ፍሎፒ። የእህቴ ልጅ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ደብዳቤውን ማክራይት በሚባለው የማክ የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ጽፋ ጨረሰች። መስኮት፣ ሜኑ፣ ምልክት፣ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ስለዚህ ይህ ፍትሐዊ ውድድር አይደለም፣ አርባ ዓመት ሙሉ ዓለም ይህንኑ ነው የቀዳው። ጋሼ በተቃራኒው ዘገዩ። ሁለት ጊዜ ክሊክ ማድረጉ ሳይሆን ያስቸገራቸው ፋይሉን በስሙ መጥራት አለመቻላቸው ነው። “ስሙን አውቃለሁ፣ ለምን ፍለጋ ያስገባኛል?”

ከዚያ መቅዳት መጣ። በወረቀት 4.15 ሰከንድ የነበረው። ድራይቩ አንድ ነው፣ ሜሞሪው ትንሽ። ማሽኑ ትንሽ ያነብና ዲስኩን ይተፋል፣ ሌላውን ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጽፋል፣ ይተፋል። ልጅቱ ሳቀች፣ ከዚያ ተናደደች፣ ከዚያ ስልኳን አነሳች።

ግን ልብ በሉ፣ የትኛውን ዲስክ እንደሚፈልግ በስሙ ነው የሚጠይቀው። ሆን ብላ ሌላ ዲስክ ብትሰጠው መልሶ ተፋው። ማንም የጠፋበት ነገር የለም። ይህ የሚቻለው በማክ ድራይቭ ላይ ዲስክ ማስወጫ ቁልፍ ስለሌለ ነው። ዲስኩን የሚያወጣው በሶፍትዌር የሚታዘዝ ሞተር ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ዲስኩ ከመውጣቱ በፊት የቀረውን ሁሉ ይጽፋል። በፒሲ ላይ ግን በሩን የሚከፍተው ሰውየው ነው፣ በፈለገው ሰዓት፣ ማሽኑ ሳያውቅ። ማክ ቀላል ናት ሲባል ሁሉም የሚያነሳው ማውሱን ነው። እኔ ቅዳሜ ያየሁትን ካየሁ በኋላ ለዚህ ሞተር የበለጠ ነጥብ እሰጣለሁ።

ማክም የራሷ ውሸት አላት። ልጅቱ ደብዳቤዋን ፎልደር ውስጥ ከተተች። ማክራይትን ከፍታ ልትከፍተው ስትል ፎልደሩ የለም፣ ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። በዚያ የመጀመሪያ ቅጂ ፎልደር ስዕል ብቻ ነበር። ዲስኩ ላይ ምንም ክፍፍል የለም። በሁለት ፎልደር ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ልትጠቀም አትችልም። እውነተኛ ፎልደር የመጣው በ1985 መገባደጃ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ የቆሻሻ ቅርጫቶች

ዛሬ ሦስት ማሽን ላይ አንድ ነገር ብቻ ሞከርን። ደብዳቤውን ቅርጫት ውስጥ መጣልና መመለስ።

ማክ ላይ ጣለችው፣ ቅርጫቱን ከፈተች፣ መልሳ አወጣችው። ጥሩ። እንደገና ጣለችውና ማክራይትን ከፍታ ዘጋች። ቅርጫቱ ባዶ ሆኗል። ሌላ ፕሮግራም ሲነሳ ራሱን ያራግፋል። ይህን ማንም አልነገራትም።

አታሪ ኤስቲ በ1985 የወጣ ነው። ጄም (GEM) የሚባለው የዲጂታል ሪሰርች ስዕላዊ ስክሪን አለው፣ የኪልዳል ኩባንያ የሠራው። ስዕሉ ያው ቅርጫት ነው። አንዴ ጥያቄ ይጠይቅሃል፣ እሺ ካልክ ግን ወዲያው ይጠፋል። ከቅርጫቱ የሚወጣ ነገር የለም። ልጅቱ የማክን አይታ ስለመጣች ያለ ስጋት እሺ አለች። ከሁሉም የበደለኝ ይህ ነው። ዶስ ቢያንስ ቅርጫት አላሳየህም። ተስፋ ሰጥቶ መከልከል ከዝምታ ይከፋል።

አሚጋ ላይ ሌላ ነው። ሐምሌ 1985 የተዋወቀ፣ በ256 ኪሎባይት ሜሞሪ ብዙ ፕሮግራም በአንዴ የሚያሠራ ማሽን። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ቅርጫት አለው፣ እሱም እውነተኛ ማውጫ ነው። ማሽኑን አጥፍተን አስነሳነው። ደብዳቤው እዚያው ቁጭ ብሏል። ባዶ አድርግ ካላልከው አይነካውም። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀመው ባሕርይ ይህ ነው፣ አሚጋን ግን ማንም አያመሰግነውም።

ምስጋናውን ጨርሼ ሳልጽፍ ሌላ ነገር አገኘሁ። አሚጋ ላይ በትእዛዝ መስኮቱ የጻፍነው ፋይል በስዕላዊው ስክሪን አይታይም። ስዕሉን የሚይዝ አጃቢ ፋይል ከሌለው የለም ማለት ነው። ጋሼ በትእዛዝ ዘርዝረው አገኙት፣ ልጅቱ በማውስ አጣችው። ሁለቱም ስክሪኑን እያሳዩኝ ተከራከሩ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ቅዳሜ፣ ዊንዶውስ 1

በአጭሩ። ኅዳር 1985 ወጣ። መስኮቶቹ አይደራረቡም፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይጠባል። ፋይሎቹን የሚያሳየው ክፍል የዶስ ዝርዝር ነው፣ ስዕል የለውም። ለመቅዳት ሜኑ ከፍተህ መድረሻውን በእጅህ ትጽፋለህ። ቅርጫት የለም። ልጅቱ “ዊንዶውስ ይሄ ነው?” አለች። ጋሼ ግን ማውሱን ገፍተው በኪቦርድ ብቻ ሠሩበት፣ ሁሉም ነገር በኪቦርድ ይሠራል። ለእሳቸው ዓይነት ሰው የታሰበበት ነው። ከ1985ቱ ሁሉ ለሁለቱም ዓይነት ሰው መንገድ የተወው እሱ መሆኑን አልጠበቅሁም።

እሑድ፣ ሊሳ

ሊሳን ለመጨረሻ ያቆየኋት ኢሙሌተሩን ማስነሳቱ አታካች ስለሆነ ነው። አፕል በጥር 1983 ያወጣት፣ ከማክ ዓመት ቀድማ፣ በ9,995 ዶላር። ዘገምተኛ ናት። ምልክት ነክተህ ትጠብቃለህ።

ሊሳ ላይ ፕሮግራም አትከፍትም። የባዶ ወረቀት ጥራዝ አለ፣ ከእሱ አንድ ወረቀት ትገነጥላለህ፣ ስም ትሰጠዋለህ፣ ትጽፍበታለህ። ጋሼ ይህን ሲያዩ ስለ ማክ ያሉትን ረሱ። “ይሄ እኮ የእኔ ቢሮ ነው” አሉ።

የመጨረሻው ሙከራ የልጅቱ ሐሳብ ነበር። ሴቭ ሳታደርግ ማጥፊያውን ተጫነች። ሊሳ ወዲያው አልጠፋችም። የማጥፊያው ቁልፍ ኃይሉን በቀጥታ አይቆርጥም፣ ለሶፍትዌሩ መልእክት ነው የሚልከው። የተከፈተውን ሰነድ አስቀመጠች፣ ዘጋች፣ ከዚያ ጠፋች። መልሰን ስናስነሳት ደብዳቤው በነበረበት ቦታ ተከፍቶ ወጣ። ቅዳሜ በሲፒ/ኤም የጠፋባትን ያስታወሰች ልጅ “ታዲያ ይሄን ማን ገዛው?” ብላ ጠየቀችኝ። ዋጋውን ነገርኳት።

ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ላፕቶፓቸው ላይ የዶስ ኢሙሌተሩን ዶስቦክስን እንድጭንላቸው ጠየቁኝ። ሊሳን ሳይሆን ዶስን። ጫንኩላቸው። ዲር መቱ፣ ነቀነቁ፣ ቀጥለው ማተሚያው ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። የሚቀጥለው ሥራዬ እሱ ነው።